ሞተሩ አልቆመም

ከሁለት ሰዎች በቀር ለማንም ያልነገርኩት ነገር ይህ ነው፦ ባሌ ሩኔ ቬነርን በሚባለው የስዊድን ሐይቅ ውስጥ በሰጠመበት ጠዋት የጀልባችን ሞተር አልቆመም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስነጥስ፣ እንደጠገበ ድመት እያንጎራጎረ ይሠራ ነበር። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጀልባው መዞር አቅቶት፣ ሩኔን ብርዱ እንደገደለው ነው የሚያውቀው። ያን ሞተር በዚያው በማርች የጠገነው ደግሞ ጎረቤታችን አልቫር ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ከባሌ ታላቅ እኅት ከኢንጌጄርድ ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ የገና ካርዶቹንና ስለ ጉልበት ሕመም ብቻ የሚያወሩትን ትቻቸዋለሁ። የራሴም ደብዳቤዎች በእጄ የቀሩት ሁሉን ነገር አስቀድሜ በእርሳስ ስለምጽፍ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብን ያጠናሁት ካገባሁ በኋላ፣ በየመንደሩ በሚዞረው የመጻሕፍት አውቶቡስ ነው። ኢንጌጄርድ አስተማሪ ነበረች። ለአስተማሪ ደግሞ ሰው ሳያረቅቅ አይጽፍም።

*

ስቴንቪክ፣ ሜይ 9 ቀን 1994

ለተከበሩ እትዬ ኢንጌጄርድ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ሰው በሩን ያንኳኳና ድንች ወይም ዓሣ ይዞ ይገባል።

የለም፣ እስካሁን አልተገኘም። ፈላጊዎቹም ተመልሰዋል። በዚያ በኩል ሐይቁ ጥልቅ ነው። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሲክስተን ሙበሪ ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ ቬነርን የወሰደውን ሲያሻው ይመልሳል፣ ካላሻው ያስቀራል ብሎኝ ሄደ።

ተሠቃይቶ ይሆን ወይ ላሉኝ፦ በረዶው ከቀለጠ ገና ጥቂት ጊዜው ስለነበር ውሃው እጅና እግርን ቶሎ ያደነዝዛል ብሏል ሐኪሙ። ብዙ አልጮኸም።

እኔ የት እንደነበርኩ ለጠየቁኝ፦ ከጀልባው ታችኛ ክፍል ውስጥ ዳቦ ቅቤ እየቀባሁ ነበር። ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ውሃው ውስጥ አየሁት። ላዞር ስል ሞተሩ ጠፋ።

ሞተሩን መጨረሻ የነካው ማን ነው ላሉኝ፦ አልቫር ነው፤ የነዳጁን ፓምፕ ቀይሮልን ነበር። ስለጠየቁኝ መለስኩ እንጂ ሌላ ማለቴ አይደለም።

የሩኔን ካፖርት አጥቤ እልክልዎታለሁ።

አክባሪዎ ጉንቮር

*

ኪሩና፣ ሜይ 20 ቀን 1994

ጉንቮር፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሼልሻለሁ፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። ስሕተቶቹን በቀይ አርሜያቸዋለሁ። ሁለቱን ከስሕተት አልቆጠርኳቸውም፣ ከቸልተኝነት እንጂ። ቅር እንዳይልሽ። ወንድሜ ሊያገባሽ ሲል እናታችን ትምህርቷስ ብትለው፣ «ስትቆም ያምራል፣ ስትጽፍ ማን ያያታል» ብሎ አስቆን ነበር። እነሆ እኔ አየሁ።

ስለ እንባሽ አልጠየቅሁሽም፤ አንቺም ስለ እንባሽ ባለመጻፍሽ አመሰግናለሁ።

ዋናው ነገር ግን ገብቶኛል። አንቺ ፈርተሽ ሳትጨርሺ የተውሽውን ዓረፍተ ነገር እኔ ጨርሼ ለሲክስተን ጽፌለታለሁ። አልቫር የሚባለው ሰው እዚያ ወደብ ላይ እስከ መቼ ጀልባውን እንደሚያስር ጠይቄዋለሁ። የሚጠይቁሽ ከሆነ ለእኔ የጻፍሽልኝን ትደግሚያለሽ። ሌላ የሚጠበቅብሽ ነገር የለም፤ መድገም ደግሞ ለማንም አይከብድም።

ካፖርቱን አትላኪ። የወጥ ቤትሽ ሽታ ይኖረዋል።

ኢንጌጄርድ

*

ስቴንቪክ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1994

ለተከበሩ እትዬ ኢንጌጄርድ፣

እንደምን ከረሙ? እዚህ ቅጠሉ ረግፏል። ባለመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርማቶቹን አጥንቻቸዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ሲክስተን በደብዳቤው «ሹራብ ሠሪዋ» ያለው ማንን ነው ብለው ለጠየቁኝ፦ እኔን ነው። ከወደቡ ከራቁ ብዙ ዘመን ሆኖዎታልና ላስታውስዎ። ስምንት የማጥመጃ ክር ከጀልባው ኋላ ተዘርግቶ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉት ሰሌዳዎች ክሮቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፍተዋቸው ጀልባው በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲሄድ፣ ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ ነው። አይቆምም፣ በድንገትም አይዞርም። ከቆመ ክሩ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከዞረ እርስ በርሱ ይተበተባል። እኔ አንድ የጸደይ ቀን ድንጋይ ያየሁ መስሎኝ በድንገት አዞርኩት። ሁሉም ተተበተበ፤ አንዱን ፕሮፔለሩ ሲውጠው በቢላዋ ቆረጥኩት።

ሩኔ ሐይቁ ላይ ምንም አላለኝም። ወደብ ስንደርስ ግን ያን የተወሳሰበ ክምር አቅፎ ወርዶ ለወንዶቹ አሳየ። «ኑ እዩ፣ ሚስቴ ሐይቁ ላይ ሹራብ ጀምራለች» አለ። ሲክስተን አገላብጦ አየና «እጅጌው የታለ?» አለ። በማኅበሩ የዓመት እራት ላይ ደግሞ ሲክስተን እንደ ልማዱ ትልቅ ዓሣ የያዙትን ስም ጮክ ብሎ አንብቦ ሲጨርስ የእኔን ስም ጨመረ። ወደ መድረኩ ወጣሁ። ጥንድ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ሸለመኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ያን ጊዜ ያልሳቀ አልቫር ብቻ ነበር።

እሱን በተመለከተ፦ አዎ፣ ወደቡ ላይ ያለውን የጀልባ ማሰሪያ ቦታውን ወስደውበታል። ማኅበሩ ድምፅ ሰጥቶ ነው። እኔ አባል ስላልሆንኩ አልተጠራሁም። ሞተር የሚያመጣለት ሰው የለም። ሰላም ትይዋለሽ ወይ ላሉኝ፦ መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሴን ነቅነቅ አደርግለታለሁ። ከዚያ አያልፍም።

ሩኔ ሲወድቅ ሊያወጣው ስለነበረው ዓሣ፦ አዎ፣ ሳልመን ነበር። ትልቅ ነበር። አመለጠ።

አክባሪዎ ጉንቮር

*

ኪሩና፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1999

ጉንቮር፣

ለአልቫር ወንድሜ የሞተበትን ቀን ጠብቄ የምልከውን ካርድ ዘንድሮም በጊዜው ልኬለታለሁ። ምን እንደምጽፍበት ጠይቀሽኛል። ረጅም ነገር አልጽፍም፤ በየዓመቱ ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ፓምፑ እንዴት ነው?» ፊርማ የለውም፤ ግን ያውቀኛል። ዘንድሮ የሐይቅ ሥዕል ያለበት ካርድ ማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

የሚስቱን መሞት በሁለት መስመር ጽፈሽ አለፍሽው። ቀብሯ ላይ ነበርሽ? እኔ በቦታሽ ብሆን እሄድ ነበር። ከኋላ ቆሜ ፊቱን ለማየት።

ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ከዚህ ወዲያ ደብዳቤሽን የምታነብልኝ፣ መልሱንም የምትጽፍልኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የመደበልኝ ረዳት ናት። ለእርስዎ ብቻ የሚሆን ነገር ልጻፍ ወይ ብለሽኛል። አትጻፊ። በአንቺና በእኔ መካከል ሌላ ሰው ሊሰማው የማይገባ ምን ነገር ኖሮ ያውቃል?

ኢንጌጄርድ

*

ስቴንቪክ፣ ሜይ 3 ቀን 1999

ለተከበሩ እትዬ ኢንጌጄርድ፣

ስለ ዓይንዎ ሰምቼ አዘንኩ። የለም፣ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። አበባ ልኬ ነበር፤ ከነወረቀቱ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ልጽፍልዎ የነበረው ትንሽ ነገር ነበር። ይቆይ።

አክባሪዎ ጉንቮር

*

ስቴንቪክ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2005

ኢንጌጄርድ፣

ካርዱ ለምን ተመልሶ እንደመጣ አጣሪልኝ ብለሽኛል። አጣርቻለሁ። አልቫር ቤቱን ሸጦ ሐይቁ ከማይታይበት፣ ከድንጋይ መፍለጫው ጀርባ ካሉት ኪራይ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቷል። የሚያነብልሽ ሰው ይታገሥሽ፤ ይህ ረጅም ነው።

ሄጄ ሳንኳኳ በሩን ከፍቶ አየኝ። «ጉንቮር፣ አንቺም ፓምፑን ልትጠይቂኝ ነው?» አለኝ። ካርዶችሽ አሥር አሥራ አንድ የሚሆኑት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። ሥዕሎቹ ያምራሉ ብሏል።

ቆሜ ነገርኩት። ሞተሩ አልቆመም ነበር አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ወንበር አልሰጠኝም። ያን ቀን ወደ ጀልባችን መጀመሪያ የደረሰውና ጎትቶ ያመጣው እሱ ነበር፤ ይህን አንቺም ታስታውሻለሽ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሥቷል። ይህን ለሲክስተን ሲነግረው ሲክስተን ደግሞ «እየጎተትክ አስተካክለኸው ይሆናላ» ብሎታል። ሞተሩንስ ቢተወው የማጥመጃ ዘንጎቹን አይቷል። ስምንቱም በየማቆሚያቸው ቆመዋል፤ ሰሌዳዎቹ ተደራርበዋል፤ የዓሣ ማታለያዎቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። ሞተር የሞተበት ጀልባ ክሩ ከሥር ተዘፍዝፎ፣ ተተብትቦ ነው የሚገኘው አለኝ። «የሩኔ ጀልባ በሕይወቱ እያለ እንደዚያ አምሮበት አያውቅም» አለ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

«ለማን ልንገር? ለሚስቴ ለስቬያ ነገርኳት። ወንድ ልጅ መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል አለችኝ። እንደዚያው እንዳለች ሞተች» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። «መጀመሪያ እጠብቅሽ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብትመጪ ይቅር እልሽ ነበር። በሁለተኛውም። ከዚያ በኋላ ግን ጣመኝ። መንገድ ላይ ራስሽን ስትነቀንቂልኝ፣ ያ አንገት ምን እንደተሸከመ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እል ነበር። ጀልባዬንም ሥራዬንም ወስደውብኛል፤ ይህን ግን ማንም አልወሰደብኝም።»

ይቅር በለኝ አልኩት። አላደርገውም አለ፤ አልተቆጣም። «ሸክምሽን እኔ አላወርድልሽም። ማውረድ ካማረሽ ሄደሽ ካነሣሽበት ቦታ አስቀምጪው» ብሎ በሩን ዘጋው። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

አሁን አንቺ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጠየቅሽኝን ልንገርሽ።

ከታች ክፍል ውስጥ አልነበርኩም። ዳቦም አልቀባሁም። መሪው ላይ ነበርኩ። ሳልመኑ የተያዘው በቀኝ በኩል ካሉት ክሮች በውጭኛው ላይ ነው። ሩኔ ወደ ጀልባው አቀረበው። ዓሣውን የሚያወጣበት የእጅ መረብ አንድ ነገር ላይ ተጠላልፎበት ዘንጉን መልሶ ማቆሚያው ውስጥ ሰካና ጎንበስ አለ። ከዚያ የለም። መንሳፈፊያ ጃኬት አልለበሰም፤ እሱ ጃኬት የለበሰውን ሰው ሁሉ ሙሽራ ብሎ ነበር የሚጠራው።

መጀመሪያ ሳቀ። ውሃው ውስጥ ሆኖ «ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ ክሮቹን ጠብቂ» አለኝ። ጀልባው በእርምጃ ፍጥነት እየራቀው ነበር። ጥቂት ቆይቶ «ቁረጪው» አለ። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጥርት ብሎ ሰማሁት። ቢላዋው እጄ ከሚደርስበት፣ ከመሪው ጎን ተሰቅሏል። ሁሉንም ቆርጬ ባዞር በደረስኩበት።

አልቆረጥኩም። መሪውን በገመድ አሰርኩና ክሮቹን መጠቅለል ጀመርኩ። እንዳስተማረኝ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ። ሰሌዳዎቹን አራግፌ ደረደርኩ። ማታለያዎቹን በየመጠናቸው ሰቀልኩ። አንድ ጊዜ ስሜን ጠራ። ጉንቮር አለኝ፣ ሹራብ ሠሪዋ አላለኝም። ሳልመኑ ያለበትን ክር ለመጨረሻ ትቼው ነበር። ሳስጠጋው፣ ከጭራው በላይ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ አልተቆረጠችም። ማርቢያ ውስጥ አድጎ የተለቀቀ ሳይሆን ወንዙ ራሱ የወለደው ነው ማለት ነው፤ እንደዚህ ያለውን መውሰድ ክልክል ነው። እጄን ውሃ ነከርኩ፤ ደረቅ እጅ ቆዳቸውን ይልጣል ብሎኛልና። መንጠቆውን አወጣሁለት። ነፍሱ እስክትመለስ ከሆዱ ደግፌ ያዝኩት። ጭራውን ሲወዘውዝ ለቀቅሁት።

ከዚያ ጀልባውን አዞርኩት። ኮፍያው ነበር። እሱ አልነበረም። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በቁልፉ።

አንድም ክር አልተጠላለፈም፣ ኢንጌጄርድ።

ፈርቼ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ። ተደናግጬ ነው ብልሽም ታምኚኝ ይሆናል። ሁለቱም ግን አልነበረም። በማነባቸው ልቦለዶች ውስጥ እንዲህ ያደረገች ሴት እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ እተኛለሁ። የማልችለው ነገር ቢኖር የአልቫርን ቤት መስኮት ሳላይ ማለፍ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌሎች ሰዎች ገብተውበታል።

ወንድምሽን የገደለው ፓምፑ አይደለም። ይህን ለሲክስተን ንገሪው። እሱ የሚያምነው አንቺን ነው። አልቫር ሳይሞት ንገሪው።

ጉንቮር

*

ኪሩና፣ ጃኑዋሪ 8 ቀን 2006

ጉንቮር፣

ይህን የምትጽፈው ረዳቴ ናት፤ እኔ ነኝ የምናገረው።

በመጀመሪያ፣ አንቺ መባባል የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሁለተኛ፣ ልጅቷ «ሞተሩ አልቆመም ነበር» ከሚለው ስትደርስ አስቆምኳት። ልትቀጥል ፈልጋ ነበር፤ ፊቷን ባላይም ድምፅዋ ያስታውቃል። ቀሪውን አልሰማሁም፤ አልሰማውምም። ምን ሊሆን እንደሚችል የማላውቅ እንዳይመስልሽ። አርባ ዓመት ልጆች ሲዋሹ ሰምቻለሁ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ በቀይ ያላሰመርኩበት አንድ ነገር ነበር። ዳቦ የሚቀባ ሰው ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ብሎ አይጽፍም፤ ቢላዋዬን ጥዬ ብሎ ነው የሚጽፈው። ያን ጊዜ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። ወንድሜን እንደ አንቺ ያለች ሴት ገደለችው ከማለት ፓምፕ ገደለው ማለት ይሻላል።

ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ኤፕሪል ሲመጣ የምሠራው አንድ ሥራ አለኝ። አትውሰጂብኝ። ለሲክስተን ምንም አልጽፍም። የአልቫርን አዲስ አድራሻ ላኪልኝ።

ደብዳቤሽን መልሼልሻለሁ። አላረምኩትም፤ አላይም።

ኢንጌጄርድ

*

ስቴንቪክ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2006

አድራሻውን አልላክሁላትም። ካርዱ ዘንድሮ የሚሄድበት የለውም።

አልቫር ካነሣሽበት አስቀምጪው ያለኝን ክረምቱን ሙሉ አሰብኩበት። መጀመሪያ ሐይቁ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ እስከ ውሃው ዳር ወርጄ በረዶውን አይቼ ተመለስኩ። ሐይቁ ላይ ግን ያነሣሁት ነገር የለም፤ እዚያ የያዝኩትን ይዤ ነው የሄድኩት። ያነሣሁት ወደቡ ላይ፣ ከማኅበሩ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው። አልቫርንም ያዋረዱት እዚያው ነው፤ እጅ አውጥተው።

የማኅበሩ የዓመት እራት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ሲክስተን አሁንም ሊቀመንበር ነው፤ ሸምግሏል፣ ድምፁ ግን አልደከመም፤ ጮክ ብሎ ማንበብ እስከ ዛሬ ይወዳል። እነዚህን ገጾች ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ አንድም ሳይዘል፣ የአሸናፊዎቹን ስም ካነበበ በኋላ እንዲያነብ ጽፌለታለሁ። ካላነበበ እኔው ቆሜ አነባለሁ፤ ግልባጩ በእጄ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈልገኝ ፖሊስም ይሁን ሌላ ሰው ቤቴ ያገኘኛል፤ በሩ አይቆለፍም። አልቫር ይቅር እንደማይለኝ ነግሮኛል። እኔም ከእሱ የምጠብቀው የለኝም። የጀልባ ማሰሪያ ቦታው ግን የእሱ ነው።

ጥቅሉ ውስጥ ሁለቱን የሹራብ መሥሪያ ዘንጎች ጨምሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁባቸውም።

በላኪ ስም ቦታ «ሹራብ ሠሪዋ» ብያለሁ፤ በሌላው ስሜ ብልከው ከማን እንደመጣ ያጣዋል። ተቀባዩ ሲክስተን ሙበሪ ነው።